ጅቡቲ በራችን ላይ ሆና ኢንተርኔታችን ለምን ይንቀራፈፋል?

የአንባቢው ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት አለኝ፤ ዘጠኝ ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን። የባሕሩ ኬብል የሚወጣው ጅቡቲ ነው ይባላል። ጅቡቲ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለእኛ ትቀርባለች። ታዲያ የእኛ ኢንተርኔት ለምን ከአዲስ አበባው አይፈጥንም? አንድ ጓደኛዬ ‹የኬብሉ ወሬ ውሸት ነው፣ ኢንተርኔት ከሳተላይት ነው የሚመጣው፣ አሜሪካኖች ለኒውክሌር ጦርነት የሠሩት ነው፣ በፈለጉ ቀን ይዘጉታል› ይላል። የሳተላይት ሳሕን ከድንበር ላስመጣልህም ብሎኛል። ሳሕኑን ልግዛ ወይስ ፓኬጁን ከ20 ሜጋ ወደ 50 ላሳድገው? ማታ ማታ ደንበኛ ‹አቦ ይሄ ነገር ሞተ እንዴ?› እያለ ጥሎኝ ይወጣል።»

ምላሽ፦ ሳሕኑን አትግዛ። ፓኬጁንም ገና አታሳድግ። መጀመሪያ ከፎቶ ኮፒ ማሽንህ ጀርባ ያለውን ገመድ እይ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለማስረዳት ግን ከጅቡቲ መነሳት አለብኝ፤ ጥያቄህ ውስጥ ርቀትና ስፋት ተደባልቀዋልና። (ድሬ አንቱታ ስለማትወድ አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው።)

ርቀቱን አስልተን እንገላገለው። ፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ያለውን 310 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለመጨረስ ከሰከንድ ሺህኛ አንድ ተኩል ይበቃዋል። የከፋውን እናስብና ያንተ መልእክት ቀጥታ ወደ ጅቡቲ በመውረድ ፈንታ መጀመሪያ አዲስ አበባ ወጥቶ ተመልሶ ይወርዳል እንበል። ያ ዙር ደርሶ መልሱ ላይ የሚጨምረው ከሰከንድ ሺህኛ አሥር ገደማ ነው። ዓይንህን አንዴ ለማርገብ ከዚህ አሥር እጥፍ በላይ ይፈጅብሃል። ስለዚህ ጅቡቲ ቀረበች ራቀች ደንበኛህ የሚያውቀው ነገር የለም። ፓኬጅህ ላይ የተጻፈው «20 ሜጋ» የሚለካው በሰከንድ ስንት መረጃ እንደሚያልፍ ነው፤ ማለትም የመንገዱን ስፋት እንጂ የጉዞውን ፍጥነት አይደለም። ደቻቱ ድልድይ ሥር ቤት ያለው ሰው ድልድዩ በባጃጅ ሲታነቅ ከሳቢያን ከመጣው ሰው ቀድሞ አይሻገርም። እዚህ ላይ አንዲት ነገር ልጨምር፦ ሜጋ የሚባለው ሜጋቢት ነው፣ የፋይል መጠን የምታነብበት ደግሞ ሜጋባይት፤ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። የ20 ሜጋ መስመር በሰከንድ የሚያወርድልህ ሁለት ተኩል ሜጋባይት ነው፤ «ተጭበረበርኩ» ከሚለው ስሞታ ግማሹ ከዚህ ይመነጫል።

ይህ የርቀት ነገር የኢንተርኔት ሰዎችን ራሳቸውንም አንዴ አሳፍሯቸዋል። በጥቅምት 1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲና ከበላዩ ባለው የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ መካከል የነበረው መስመር በድንገት ተልፈሰፈሰ። ሁለቱ ቦታዎች የሚራራቁት 400 ያርድ ብቻ ነው፤ ከለገሃር አደባባይ ተነስተህ አንድ ሻይ ሳትጠጣ የምትደርስበት መንገድ ማለት ነው። በሰከንድ 32,000 ቢት ያሳልፍ የነበረው መስመር 40 ቢት ላይ ወደቀ። አርባ! ፊደል በፊደል ብታነበው እንኳ በሰከንድ አምስት ፊደል መሆኑ ነው። ሽቦው አልተቆረጠም፣ ማሽኑም አልተበላሸም። የሆነው ነገር እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሮቹ የላኩት ጥቅል (መረጃ ተቆራርጦ ሲላክ አንዱ ቁራጭ) መንገድ ላይ ሲጠፋባቸው ደግመው ይልካሉ፤ የሚደግሙት ጥቅል መንገዱን የበለጠ ያጨናንቃል፤ በመጨናነቁ ሌላ ጥቅል ይጠፋል፤ የጠፋውንም ይደግማሉ። ሁሉም ጡሩንባውን እየነፋ የሚገፋበት መስቀለኛ መንገድ ሆነ።

ቫን ጃኮብሰን የተባለው የቤተ ሙከራው ተመራማሪ ከማይክል ካረልስ ጋር ሆኖ ያመጣው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1988 ታተመ፤ ዛሬ ስልክህም ኮምፒውተርህም ውስጥ ከእሱ የተወለዱ ዘዴዎች እየሠሩ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ ጥቅል ከጠፋብህ መንገዱ ተጨናንቋል ብለህ ቁጠርና ፍጥነትህን ቀንስ፤ ከዚያ ቀስ እያልክ ጨምር። ይህቺን ሕግ በልብህ ያዝ፤ የሱቅህ ችግር ጋ ስንደርስ እመለስባታለሁ። ምክንያቱም ጥቅል የሚጠፋው በመጨናነቅ ብቻ አይደለም። በተጣመመ ገመድ፣ በደካማ ዋይፋይ፣ በላላ መሰኪያም ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ግን ይህን አይለይም፤ ከጠፋ ጠፋ ነው፣ ይዘገያል።

አሁን ወደ ጓደኛህ ወሬ እንሂድ። ሳተላይት ማለቱ ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ኢንተርኔት በሙሉ አገልግሎት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጥር 1997 ሲሆን፣ ያኔ ከውጭው ዓለም የምንገናኘው በሳተላይት ነበር። ሱሉልታ ያለውን ግዙፍ ሳሕን በመንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ዘመን ውጭ አገር የደወለ ሰው «ሃሎ» ብሎ ምላሹን የሚጠብቅባትን ዝምታም አይረሳትም። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው ያለው። ድምፅህ ወጥቶ ይወርዳል፣ መልሱም ወጥቶ ይወርዳል፤ አራቱ ጉዞ ሲደመር ከ140,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ይህ ግን አለፈ። ዛሬ በአገሮች መካከል ከሚሄደው መረጃ ከመቶ ዘጠና አምስት እጅ በላይ የሚሆነው ባሕር ወለል ላይ በተኛ ፋይበር ነው የሚጓዘው። በአንድ ቦታ የሚቆመው ሳተላይት የሚያስፈልገው ፋይበር ላልደረሰበት ነው።

ኬብሉ ደግሞ ከሳተላይቱ የቆየ ታሪክ አለው። የመጀመሪያው የአትላንቲክ ቴሌግራፍ ኬብል የተዘረጋው በ1858 ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት የላከችው የ98 ቃላት መልእክት 16 ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ኬብሉም በሳምንታት ውስጥ ሞተ። የሚበረክት መስመር የተገኘው በ1866 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1870፣ ግብፅ ካለችው ስዊዝ ተነስቶ በቀይ ባሕር አድርጎ ኤደንን ነክቶ ቦምቤይ የሚደርስ ኬብል ወረደ። ዛሬ ጅቡቲ ላይ የሚወጡት የፋይበር ኬብሎች የሚከተሉት ይህንኑ ያረጀ የባሕር መንገድ ነው።

የእኛም ሽቦ ከዚያ ብዙ አይርቅም። የአገራችን የቴሌኮም ታሪክ የሚቆጠረው በ1894 ሐረርን ከአዲስ አበባ ለማገናኘት ከተጀመረው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ነው፤ ከሌላ ከየትም ሳይሆን ከሐረር! ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ሲደርስ ተራራውን መውጣት አቅቶት ሜዳው ላይ ቆመ፤ በቆመበትም ድሬዳዋ ተወለደች፣ ስሟም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር። ሽቦ ግን ተራራ አይፈራም። ሐረሮች «እኛ ባቡር አልመጣልንም እንጂ ስልክ ቀድሞ መጥቶልናል» ቢሉ ሐቅ አላቸው።

ባቡሩን ካነሳሁ ዘንድ የኢንተርኔትን ዋና ብልሃት በእሱ ላስረዳህ፤ ድሬ ተወልዶ ይህን የማይረዳ የለም። የድሮው ስልክ እንደ ባቡሩ ነበር። ሐዲዱ አንድ ነው፤ አንዱ ባቡር እስኪያልፍ ሌላው ጣቢያ ላይ ይጠብቃል። አንተ ስልክ ይዘህ ዝም ብትል እንኳ መስመሩ ያንተ ነው፣ ማንም አይገባበትም። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ፖል ባራን፣ እንግሊዝ ውስጥ ዶናልድ ዴቪስ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ሌላ መንገድ አሰቡ፦ ዕቃውን በባጃጅ ጫኑት። የቤት ዕቃህን ከመጋላ ወደ ሳቢያን ስታጓጉዝ አልጋው በአንዱ፣ ፍራሹ በሌላው፣ ብረት ድስቱ በሦስተኛው ባጃጅ ይሄዳል። እያንዳንዱ ባጃጅ አድራሻውን ይዟል፤ አንዱ መንገድ ከተዘጋ በሌላው ይዞራል፤ ፍራሹ ከአልጋው ቀድሞ ቢደርስም ደርሰህ ታስተካክለዋለህ። በመንገዱ ላይ ያንተ ባጃጅ ብቻ ስለማይሄድ መንገዱ ባዶ አይውልም። ጥቅል የምለው ይህን ባጃጅ ነው። ብልሃቱ ርካሽ ያደረገን በዚህ ነው፤ የሚያናድደንም በዚሁ ነው። መንገዱ የሁሉም ስለሆነ ሁሉም በአንድ ሰዓት ከወጣ ሁሉም ይቆማል።

«ለኒውክሌር ጦርነት» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ባራን በእርግጥ ያስጨነቀው ከጥቃት የሚተርፍ የመገናኛ መስመር ነበር። የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው የኮምፒውተር ኔትወርክ፣ አርፓኔት፣ ግን በሌላ ምክንያት ነው የተሠራው። በአሜሪካ መከላከያ ሥር የነበረው የምርምር ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ቦብ ቴይለር ቢሮው ውስጥ ሦስት ተርሚናል ነበረው፤ ሦስቱም ከሦስት የተለያዩ ኮምፒውተሮች ጋር የተገናኙ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ከወንበሩ መነሳት ነበረበት። ኔትወርክ ለመቀየር ሁለት ስልክ ይዘህ የምትዞር ከሆነ የሰውዬውን ንዴት ታውቀዋለህ። ኮምፒውተር ያኔ እንደ ፋብሪካ ውድ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ተጋሩት ነው ነገሩ። ጥቅምት 29 ቀን 1969 ማታ ከሎስ አንጀለስ ወደ ስታንፎርድ ምርምር ተቋም «ሎግ ኢን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለመላክ ተሞከረ። ሁለት ፊደል እንደደረሰ ማዶ ያለው ማሽን ወደቀ። የአርፓኔት የመጀመሪያው መስመር የመጀመሪያ ሥራው መቋረጥ ነበር፤ ለደንበኞችህ ልትነግራቸው ትችላለህ።

አርፓኔት አንድ ኔትወርክ ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ ኔትወርኮችን ማገናኘት ነው። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን በ1974 የጻፉት ቋንቋ፣ ቲሲፒ አይፒ የምንለው፣ ጥር 1 ቀን 1983 አርፓኔት ላይ ግዴታ ሆነ። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ ጄኔቫ አጠገብ ባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ሰርን፣ ውስጥ በ1989 ያቀረበው ዌብ ደግሞ በኢንተርኔት ላይ የሚሄድ አንድ አገልግሎት ነው፤ ባጃጁ ላይ የተጫነ ዕቃ እንጂ መንገዱ አይደለም። ሰርን በሚያዝያ 1993 ያለ ክፍያ ለዓለም ለቀቀው። ፌስቡክና ቴሌግራም ከዚያ ብዙ ዘግይተው የመጡ ናቸው። ለእኛ ግን ከሁሉም እኩል የሚቆጠር ቀን አለ፦ መስከረም 1999፣ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደሎች የጋራ ቁጥር በያዙበት መዝገብ) የገባበት። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው። አንዱ ጋ የተጻፈ ማመልከቻ ሌላው ጋ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና የነጠላ ሰረዝ ሾርባ ይሆን ነበር። የቆዩ ጸሐፊዎች ፍሎፒ ይዘው «እናንተ ጋ የትኛው ፊደል ነው ያለው?» እያሉ ቤት ለቤት ሲዞሩ አይቻለሁ። ዛሬ አንድ ደብዳቤ ሐረር ጽፈህ ስቶክሆልም የሚነበበው በዚያ ስምምነት ነው።

«አሜሪካኖች ይዘጉታል» ለሚለው መልሱ አንድ ቁልፍ የለውም ነው። ሁሉም ኔትወርክ የየራሱ ባለቤት አለው፤ የሚዘጋም የየራሱን ነው። ሰኔ 30 ቀን 2020 በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ሲጠፋና ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ የተዘጋው እዚሁ አገር ቤት ነው። ከውጭ የሚመጣው አደጋ ሌላ ዓይነት ነው። በየካቲት 2024 ቀይ ባሕር ላይ የተመታች የጭነት መርከብ መልሕቋን እየጎተተች ስትንሳፈፍ የባሕር ኬብሎች ተቆርጠዋል። እኛ ባሕር ስለሌለን በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል አቅም ገዝተን ነው የምንወጣው፤ አንዱ በር ሲጠብ ሕዝቡ በሌላው ይጋፋል። ይህን አንተ ልትፈታው አትችልም፤ ሲሆን ግን ማወቅ ትችላለህ፦ በዚያ ቀን ሁሉም ሰው፣ በሁሉም ስልክ፣ በአንድ ጊዜ ያማርራል።

ከጅቡቲ እስከ ሱቅህ ያለውንም ባጭሩ ልበል። ፋይበሩ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ከከተማ ወጣ ስትል በምታያቸው የከፍተኛ ኃይል ማማዎች አናት ላይ ከሁሉም በላይ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ አለ። መብረቅ ሲወርድ ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነው፤ ዘመናዊዎቹ መስመሮች ላይ ሆዱ ውስጥ ፋይበር ይዟል። ኩባንያዎች የደንበኛን ትራፊክ መጀመሪያ ወደ ዋና ማዕከላቸው ይወስዱታል፤ አድራሻ የሚሰጠው፣ ሒሳብ የሚያዘው እዚያ ነው። ከዚያም ወደ ውጭ ያወጡታል። ስለዚህ ኬብሉ በደጃፍህ ቢያልፍም አንተ የምትገባበት በር ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ፈጣኑ ባቡር በሚያልፍበት መንደር ሁሉ ጣቢያ እንደሌለው። ዝግ ያለው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደለም። የመንገድ ስፋት የሚወሰነው በጠባቡ ቦታ ነው፤ በሥራዬ እንዳየሁት ጠባቡ ቦታ ብዙ ጊዜ የሱቁ ግድግዳ ውስጥ ነው።

ባለፈው ሰኔ መጋላ አካባቢ አንድ የጽሕፈት ቤት ተጠርቼ ነበር። ባለቤቱ ፓኬጁን ሁለት ጊዜ አሳድጓል፤ ለውጥ የለም። ከግድግዳው ወጥቶ የኩባንያው የፋይበር ሳጥን ላይ የሚሰካው ቢጫ ቀጭን ገመድ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ እግር ሥር ተጣብቆ እንደ ወረቀት ታጥፏል። ያ ገመድ ውስጡ መስታወት ነው። ሲታጠፍ ባይሰበርም ብርሃኑ በመታጠፊያው ያመልጣል፤ የሚደርሰው ደካማ ነው፣ ጥቅል ይጠፋል። አሁን የጃኮብሰንን ሕግ አስታውስ፦ ጥቅል ከጠፋ ቀንስ። ሰውየው 20 ሜጋ ቢገዛም 50 ሜጋ ቢገዛም ኮምፒውተሮቹ መንገዱ የተጨናነቀ መስሏቸው ራሳቸውን ይዘው ነበር። ራውተሩ ደግሞ ቆርቆሮው ሥር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ በድሬ ቀትር እጄን ልነካው አልቻልኩም። ገመዱን በሁለት መቶ ብር ገደማ በምታገኘው ለወጥነው፣ ራውተሩን ወደ ታች አወረድነው። ሰውየው ፓኬጁን መልሶ ዝቅ አደረገው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። አንዱን ኮምፒውተር በገመድ ከኩባንያው ሳጥን ጋር ቀጥታ አገናኘው፤ ሌላውን ሁሉ አጥፋ፣ ዋይፋዩንም ጭምር። ንጋት 12 ሰዓት ላይ አንዴ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ አንዴ፣ ለሦስት ቀን ፍጥነቱን ለካና ጻፈው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይም ለካ፤ ከተማው በሙሉ ከቀትር እረፍት ተነስቶ ወይም በርጫ ላይ ተቀምጦ ስልኩን የሚከፍትበት ሰዓት ነው። ፒንግ የሚለውንም (መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ) ተመልከት። ወደ ራስህ ራውተር ከሰከንድ ሺህኛ አምስት በታች መሆን አለበት፤ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ድረስ ከመቶ እስከ መቶ ሃምሳ ካሳየህ ደህና ነህ።

ንጋትም ማታም በገመዱ 20 አካባቢ ከመጣልህ ኩባንያው የሸጠልህን ሰጥቶሃል፤ ችግሩ የቤትህ ነው። ዘጠኝ ኮምፒውተር በዋይፋይ ማሠራት ስህተት ነው። ዋይፋይ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ዝም የሚልበት ስብሰባ ነው፤ የጎረቤቶችህ ዋይፋይም ያው ስብሰባ ላይ ተቀምጧል፤ በብዛት በምንጠቀምበት የሞገድ ባንድ ላይ የማይደራረቡት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው። ባለ 16 ቀዳዳ ስዊች (አንዱን መስመር ለብዙ ኮምፒውተር በገመድ የሚያከፋፍል ሳጥን) ግዛ፣ ኮምፒውተሮቹን በሙሉ በገመድ አስገባ፣ ዋይፋዩን ለስልክ ብቻ ተው። ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስም ተጠንቀቅ፤ አንድ ጊጋባይት በ20 ሜጋ መስመር ሰባት ደቂቃ ያህል ሙሉ በሙሉ ይይዛል፣ ዘጠኙ ኮምፒውተር ሲሆን አንድ ሰዓት። አንዱ ካወረደ በኋላ ሌሎቹ ከእሱ እንዲቀዱ የሚያደርግ ማስተካከያ እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ ክፈተው። ራውተርህ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ድርሻ መወሰን ከቻለም ወስንለት። አንድ ልጅ ጥግ ይዞ ፊልም ሲያወርድ ስምንቱ መቆም የለባቸውም።

ንጋት 20 ሆኖ ማታ 4 ወይም 5 ከሆነ መጨናነቁ ከቤትህ ውጭ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው 50 ሜጋ ገዝቶ የሚጸጸተው፤ የሰፈሩ መስመር ከታነቀ ያንተ በር መስፋቱ ምንም አይለውጥም። ንጋትም ማታም ዝቅ ካለ ደግሞ የመስመር ብልሽት ነው። የሦስቱን ቀን ቁጥር በወረቀት ይዘህ ሂድና አመልክት። «ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል» የሚል ደንበኛ ብዙ ነው፤ ቀንና ሰዓት ጽፎ የሚመጣ ግን ጥቂት ስለሆነ ባለሙያ የሚላክለት እሱ ነው። ስልክ ላይ «ዲኤንኤሱን ወደ አራቱ ስምንቶች ቀይር» የሚሉህንም እለፋቸው፤ ዲኤንኤስ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይር የስልክ ማውጫ ነው፤ ማውጫ መቀየር መንገድ አያሰፋም።

ሳሕኑን አትግዛ ያልኩበት ምክንያት ቴክኒክ ብቻ አይደለም። ዝቅ ብለው የሚዞሩት አዲሶቹ ሳተላይቶች 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆኑ የድሮው መዘግየት የለባቸውም። ነገር ግን በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 (ይህቺ ዓመት ብቻ የእኛ ናት) መሠረት እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ አይሠራም፤ በድንበር የገባው ዕቃ ሊወረስ፣ አንተም ልትከሰስ ትችላለህ። ሌላ አገር የተመዘገበ ሳሕን የት እንዳለ ኩባንያው ያውቀዋል፤ በፈለገ ቀን ያጠፋዋል። በር ከፍተህ ሕዝብ የምታስተናግድ ነጋዴ ነህ፤ ጣሪያህ ላይ የሚታይ ነገር አትስቀል።

ያንን ገንዘብ በሌላ አውለው። ድሬዳዋ ዕድለኛ ከተማ ናት፤ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2022 አገልግሎቱን አገሪቱ ውስጥ መጀመሪያ የሞከረው እዚሁ ነው። ስለዚህ በሁለት ኩባንያ መሃል መምረጥ ትችላለህ። የፋይበር መስመርህን እንደያዝክ ከሌላኛው ኩባንያ ሲም የሚወስድ ራውተር ግዛ፤ ከመግዛትህ በፊት ግን የሰው ስልክ ተውሰህ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሱቅህ ውስጥ ለካው፤ ደጅ ላይ አሥር ሜትር ርቆ የሚሠራ ሲም ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው የከዚራ ቤት ውስጥ ላይሠራ ይችላል። ከፈለግህ ሁለቱንም የሚቀበል ራውተር አለ፤ አንዱ ሲሞት ወደ ሌላው ራሱ ያዞራል። ሁለቱም መስመሮች የሚወጡት በእነዚያው የባሕር ኬብሎች ስለሆነ ቀይ ባሕር ላይ አደጋ ሲደርስ አብረው ይጎዳሉ፤ ለሰፈር ብልሽትና ለመጨናነቅ ግን ይበቃሉ። ትንሽ ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ጨምር፤ መብራት ለአሥር ደቂቃ ሲጠፋ ሳጥኑና ራውተሩ የሚፈልጉት ጥቂት ዋት ብቻ ነው፣ ላፕቶፕ የያዘ ደንበኛህ ሥራውን ሳያቋርጥ ይጨርሳል።

ገመዱን ከለወጥክ፣ ስዊቹን ካስገባህ፣ ሲሙን ከሞከርክ በኋላ በገመድ ስትለካ ማታም 20 ሙሉ እየመጣ፣ ዘጠኙም ኮምፒውተር ተይዞ አሁንም ካልበቃህ፣ ያኔ 50 ሜጋውን ግዛ። ቅደም ተከተሉን ግን አትገልብጥ፤ መጀመሪያ ፎቶ ኮፒውን ከግድግዳው አንድ ክንድ ራቅ አድርገውና ቢጫውን ገመድ በባትሪ እየው።